ከአፈር በታች ያለው ማኅበር
የፈርን፣ የዛፍና የፈንገስ ተደጋግፎ መኖር ለአርሶ አደሩ ያለው ትርጉም

(የዩኒየኑን የምሥረታ በዓል ምክንያት በማድረግ በደሴ ከተማ ሆጤ የቀረበ ንግግር)





ከሆጤ ሆኖ ቀና ያለ ሰው የጦሳን ተራራ ያያል። በተራራው ላይ ባሕር ዛፍ አለ፣ ድንጋይ አለ፣ በክረምት ጎርፍ የሚወርድበት ገላጣ ቦታም አለ። ዝናቡ ሲደጋገም በየድንጋዩ ሥር፣ በየምንጩ ዳር፣ ጥላ ባለበት ቦታ ሁሉ ቅጠሉ እንደ ላባ የተሰነጣጠቀ፣ አበባ የማያወጣና ፍሬ የማያፈራ ለምለም ተክል ብቅ ይላል። ገበያ አይወጣም፣ ለመኖም አይታጨድም። ስለዚህ ብዙ ሰው ልብ ሳይለው ያልፈዋል። የሳይንስ ሰዎች ይህን ተክል ፈርን ይሉታል።

የእህል ዋጋ፣ የማዳበሪያ አቅርቦትና የትርፍ ክፍፍል በሚነሳበት የበዓል መድረክ ላይ ስለ ፈርን መናገር ከጉዳዩ የራቀ ሊመስል ይችላል። ይሁንና ፈርኑን ከአፈር በታች የሚያግዘው ፈንገስ ገብሱንም፣ ጤፉንም፣ ባቄላውንም፣ ጥዱንም የሚያግዘው ያው ወገን ነው። በየዓመቱ በየተራራው ከሚተከለው ችግኝ ውስጥ ብዙው ለምን እንደሚደርቅ፣ ማዳበሪያ የተጨመረበት መሬት ለምን ከዓመት ዓመት እየከሳ እንደሚሄድ ለመረዳት ይህን የተሰወረ ሽርክና ማወቅ ይጠቅማል። ፈርኑ ታሪኩን በግልጽ ስለሚያሳይ ነገሩን ከእርሱ መጀመር ይሻላል።

ፈርን ምን ዓይነት ተክል ነው?

ፈርኖች በምድር ላይ ካሉት ጥንታዊ የዕፅዋት ወገኖች አንዱ ናቸው። በዓለም ላይ ከ10,000 በላይ ዝርያዎች እንዳሏቸው ይገመታል። በኢትዮጵያም በደቡብ ምዕራብ እርጥብ ደኖች ውስጥ እንደ ዛፍ ግንድ አውጥተው ከሰው ቁመት በላይ ከሚያድጉት ጀምሮ፣ በደረቅ ቋጥኝ ስንጥቅ ውስጥ በበጋ ተጨማድደው ዝናብ ሲመጣ እስከሚዘረጉት ትንንሾች ድረስ ይገኛሉ። የሀገሪቱን ዕፅዋት ለመመዝገብ እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 የተጠናቀቀው «የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት» የተባለው ባለ ብዙ ቅጽ ሥራ ፈርኖችንም አካቷል።

ፈርን ዘር የለውም። ቅጠሉ ተገልብጦ ሲታይ ከጀርባው ቡናማ ነጠብጣቦች ይታያሉ። ከእነዚያ ውስጥ ከዱቄት የላመ ብናኝ ይወጣና በነፋስ ይበተናል። ብናኙ እርጥበት ያለው ቦታ ላይ ሲያርፍ በቀጥታ ፈርን አይሆንም። በመጀመሪያ ከጣት ጥፍር የማይበልጥ ስስ አረንጓዴ ነገር ይሆናል። ወንዴና ሴቴ የሚገናኙት በዚያ ላይ ነው፤ ቅጠላማው ፈርን የሚበቅለውም ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲህ አንድ ፈርን ሁለት ዕድሜ አለው ማለት ይቻላል፤ አንዱ የሕፃንነት፣ ሌላው የአዋቂነት።

ከፈርን ወገን መካከል ኦፊዮግሎሰም የሚባለው፣ ብናኝ ተሸካሚ ዘንጉ የእባብ ምላስ የሚመስለው፣ በዚህ ረገድ እጅግ የተለየ ነው። የሕፃንነት ዕድሜውን የሚያሳልፈው ብርሃን በማይደርስበት ከአፈር በታች ነው። አረንጓዴ ቀለም ስለሌለው ምግቡን ራሱ ማዘጋጀት አይችልም። ታዲያ በምን ይኖራል? የሚመግበው ፈንገስ ነው። ፈንገሱ ደግሞ ምግቡን የሚያገኘው ከሌሎች አረንጓዴ ተክሎች ሥር ነው። ይህ ተክል አድጎ ቅጠል ካወጣ በኋላ ግን በፀሐይ ብርሃን የሠራውን ስኳር ለፈንገሱ መልሶ እንደሚሰጥ ተመራማሪዎች በሙከራ አሳይተዋል። የብድርና ቁጠባን አሠራር ለሚያውቅ የማኅበር አባል ነገሩ እንግዳ አይደለም። በችግሩ ጊዜ ተበድሮ ሲያልፍለት የሚከፍል አባል ማለት ነው።

ሁሉም ፈርን ግን ከፈንገስ ጋር አይኖርም። በውኃ ላይ የሚንሳፈፈው አዞላ የሚባለው ትንሽ ፈርን ሌላ ሸሪክ መርጧል። በቅጠሉ ክፍተት ውስጥ ከአየር ናይትሮጅን የሚይዝ ባክቴሪያ ይኖራል። በዚህም ምክንያት የቻይናና የቬትናም ገበሬዎች አዞላን በሩዝ ማሳ ላይ ለብዙ ዘመን እንደ ማዳበሪያ ሲጠቀሙበት ኖረዋል። በአማራ ክልልም በፎገራ ሜዳ የሩዝ ማሳ ላይ ተመራማሪዎች ሞክረውት ለሩዝ ምርት ሊጠቅም እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2013 ጽፈዋል። አዞላ ውኃ የተኛበት መሬት ስለሚፈልግ ለዳገቱ ገበሬ የቅርብ መፍትሔ አይደለም። ነገር ግን ፈርን የሚባለው ተክል ሸሪክ መፈለግን እንደ ኑሮ ዘዴ የያዘ መሆኑን በደንብ ያሳያል።

ሽርክናው እንዴት ይሠራል?

ፈንገስ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው እንጀራ ላይ የሚወጣውን ሻጋታ፣ ስንዴ የሚያበላሸውን ዋግ ወይም ከዝናብ በኋላ የሚበቅለውን እንጉዳይ ነው። እነዚህ ሁሉ ፈንገሶች ናቸው። ከነዚህ ሌላ ግን በዓይን የማይታዩ፣ ሕይወታቸውን በሙሉ ከተክል ሥር ጋር ተጣብቀው የሚኖሩ አሉ። ከተክል ሥር ጋር የፈጠሩት ጥምረት ማይኮራይዛ ይባላል። ቃሉ የግሪክ ሲሆን ትርጉሙ «የፈንገስ ሥር» እንደ ማለት ነው።

ተክል ከአፈር ውስጥ ከሚፈልጋቸው ምግቦች አንዱ ፎስፈረስ ነው። አርሶ አደሩ ቀድሞ በዳፕ፣ ኋላም በኤን ፒ ኤስ መልክ ለማሳው የገዛው ይህንኑ ነው። የፎስፈረስ ችግሩ በአፈር ውስጥ ከቦታ ወደ ቦታ በቀላሉ አለመንቀሳቀሱ ነው። ሥሩ በአጠገቡ ያለውን ጥቂት ሚሊሜትር ርቀት ላይ ያለ ፎስፈረስ ወስዶ ከጨረሰ በኋላ ከወዲያ ያለው በራሱ አይመጣለትም። እዚህ ላይ ፈንገሱ ይደርሳል። ከፀጉር እጅግ የቀጠኑ ድሮቹን ሥሩ ሊገባበት በማይችል የአፈር ቀዳዳ ሁሉ እየሰደደ ከሥሩ ብዙ ሴንቲሜትር ርቆ ፎስፈረሱን፣ ዚንኩንና ሌላውንም ያመጣል።

ርክክቡ የሚካሄደው በሥሩ ውስጥ ነው። ፈንገሱ በሥሩ ሕዋስ ውስጥ ገብቶ እንደ ትንሽ ዛፍ ቅርንጫፍ ያወጣል። በዚያ ቦታ ፎስፈረሱን ያስረክባል፣ ስኳርና ቅባት ይረከባል። ተክሉ በቅጠሉ ካዘጋጀው ምግብ እስከ 20 በመቶ የሚደርሰውን ለፈንገሱ እንደሚሰጥ ይገመታል። ይህ ቀላል ክፍያ አይደለም። የእኩል እንደሚያርሱ ሁለት ሰዎች ነው፤ አንዱ መሬት አለው፣ ሌላው በሬና ጉልበት አለው፤ ለብቻ ሁለቱም አያመርቱም።

ሽርክናው ግን በየዋህነት ላይ የቆመ አይደለም። አፈሩ በፎስፈረስ የጠገበ ከሆነ ተክሉ ለፈንገሱ መክፈሉን ይቀንሳል፣ ፈንገሱም ይመነምናል። ከመጠን ያለፈ የፎስፈረስ ማዳበሪያ ገንዘብን ከማባከኑ በላይ ነፃውን አገልጋይ ያባርራል ማለት ነው። የአፈር ምርመራ ውጤትን ተከትሎ መጠኑን መወሰን የሚጠቅመው በዚህም ምክንያት ነው።

የድሮቹ ሌላ ጥቅም አፈር ማያያዛቸው ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ተረት ስለ ሰው ኅብረት የተነገረ ቢሆንም እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል። ዓይን የማያያቸው ድሮች የአፈሩን ደቃቅ እየሰበሰቡ ያጓጉሉታል። የጓጎለ አፈር ዝናብ ሲመታው ቶሎ አይፈርስም፣ ውኃውንም ወደ ውስጥ ያሰርጋል። ድር የሌለው አፈር ግን ዱቄት ሆኖ ከጎርፉ ጋር ይሄዳል።

የታወቀው መቼ ነው?

ይህ ጥምረት ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1885 ነው። ስሙን የሰጠው አልበርት በርንሃርድ ፍራንክ የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ሊቅ ነበር። ፍራንክ የተላከው ትራፍል የተባለውን ውድ የከርሰ ምድር እንጉዳይ በፕሩሲያ ማልማት ይቻል እንደሆነ እንዲያጠና ነበር። እንጉዳዩን ማልማት ባይሆንለትም በዛፎቹ ሥር ላይ የተጠቀለለው ፈንገስ በሽታ ሳይሆን ረዳት መሆኑን ተናገረ። በዘመኑ ብዙዎች አላመኑትም ነበር።

ሽርክናው ራሱ ግን ከሰው ልጅ እጅግ የቀደመ ነው። በስኮትላንድ ራይኒ በተባለ ቦታ ወደ ድንጋይ የተለወጡ፣ ዕድሜያቸው 407 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆነ ዕፅዋት ተገኝተዋል። እነዚያ ዕፅዋት እውነተኛ ሥር ገና አልነበራቸውም። በውስጣቸው ግን ያ ትንሽ ዛፍ የሚመስለው የፈንገስ ቅርንጫፍ በግልጽ ይታያል። ስለዚህ ሳይንቲስቶች ተክል ከውኃ ወጥቶ የብስን የወረሰው በፈንገስ አጋዥነት ነው ብለው ያስባሉ። ፈርኖችም ያንን ጥንታዊ ውል ይዘው የዘለቁ ናቸው። ዛሬ በዓለም ላይ ካሉት የየብስ ዕፅዋት አብዛኞቹ ከአንድ ወይም ከሌላ ዓይነት ማይኮራይዛ ጋር ይኖራሉ።

ውሉ ሲቋረጥ የሚሆነውን ለማየት የፖርቶ ሪኮ ታሪክ ጥሩ ምሳሌ ነው። በዚያች ደሴት እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ የፈረንጅ አገር የጥድ ዓይነት (ፓይን) ለመትከል ተደጋጋሚ ሙከራ ተደረገ። ችግኙ ይበቅላል፣ ጥቂት ያድጋል፣ ከዚያ እየቢጫ ይሞታል። እ.ኤ.አ. በ1955 ዛፉ ከሚበቅልበት ከሰሜን ካሮላይና ጥቂት አፈር ተወስዶ በችግኞቹ ሥር ተደረገ። አፈሩ የደረሳቸው ችግኞች አረንጓዴ ሆነው አደጉ። ጎድሎ የነበረው ማዳበሪያ ወይም ውኃ አልነበረም፤ በአፈሩ ውስጥ የሚመጣው ፈንገስ ነበር።

በሀገራችን የተደረሰበት

ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር ተስፋዬ ውበት ከዶክተር ደመል ተከታይና ከጀርመን ባልደረቦቻቸው ጋር በሀገሪቱ ደረቅ ደጋማ ደኖች ውስጥ የሀገር በቀል ዛፎችን ሥር መርምረዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጡት ጽሑፍ እንደገለጹት የሐበሻ ጥድ፣ ዝግባ፣ ወይራ፣ ኮሶና ብሳናን የመሳሰሉት ዛፎች ሥራቸው ውስጥ ከላይ የተባለው ዓይነት ፈንገስ ተገኝቷል። ይኸው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ሌላ ሥራ በአንድ ደን ውስጥ ጎን ለጎን የቆሙት ጥድና ዝግባ የተለያዩ የፈንገስ ማኅበረሰቦች እንዳሏቸው አሳይቷል። ይህ ለችግኝ ጣቢያ ትልቅ ትርጉም አለው። ለጥድ የሚሆነው አፈር የግድ ለዝግባ ይሆናል ማለት አይደለምና።

በትግራይም የእጣን ዛፍ ችግኝ ላይ በዶክተር እምሩ ብርሃኔና በባልደረቦቻቸው ተመሳሳይ ጥናት ተደርጓል። እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው ጽሑፍ መሠረት ፈንገስ የተሰጣቸው ችግኞች ዝናብ በሚቆራረጥበት ሁኔታ ውኃን በተሻለ ተጠቅመው አድገዋል። የዝናብ መቆራረጥ ለወሎ ገበሬ ማብራሪያ የሚያስፈልገው ጉዳይ አይደለም።

በደጋው ሰው ዘንድ የታወቀው አስታም በዚህ ረገድ ይነሳል። አስታና የቅርብ ዘመዶቹ ሌላ ዓይነት ፈንገስ አላቸው። በብርድ ምክንያት ቅጠልና እንጨት ቶሎ በማይበሰብስበት፣ አፈሩም ኮምጣጣ በሆነበት ከፍታ ላይ ፈንገሱ ያልበሰበሰውን ሰባብሮ ናይትሮጅኑን ለአስታው ያወጣለታል። በቦረና ሳይንት በኩል እንደ ደንቆሮ ጫካ ባሉ ቦታዎች አስታ በውርጭ መካከል ለመኖሩ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ለወሎ ዳገት ምን ማለት ነው?

ከደሴ በስተደቡብ ምሥራቅ በአልቡኮ በኩል የሚገኘው ማይባር በአፈር ጥበቃ ምርምር ስሙ የታወቀ ነው። በኢትዮጵያና በስዊዘርላንድ ትብብር የተጀመረው የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮጀክት የመጀመሪያ ጣቢያውን እ.ኤ.አ. በ1981 ያቋቋመው በዚያ ነበር። ፕሮጀክቱን የመሩት ሐንስ ሁርኒ ባወጡት ግምት በኢትዮጵያ ደጋ ከሚታረስ መሬት በአማካይ በዓመት በሄክታር 42 ቶን አፈር ይታጠባል።

ይህ አኃዝ ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። ከአፈሩ ጋር የሚሄደው ነገር ግን ብዙ ጊዜ አይነሳም። ፈንገሱና ብናኙ በብዛት የሚኖሩት ከላይ ባለው የአፈር ክፍል ነው። ጎርፍ ይህን ክፍል ጠርጎ ወደ ቦርከና ሲያወርደው መሬቱ ምግቡን ብቻ ሳይሆን ምግብ አቀባዩንም ያጣል። ከዚያ በኋላ በዚያ ገላጣ ዳገት ላይ የሚተከል ችግኝ ሸሪክ የሌለው ችግኝ ነው። አባል የሌለበት ማኅበር ውስጥ ብቻውን እንደተመዘገበ ሰው ነው።

በሌላ በኩል የወሎ ገበሬ ዛፍ መትከል የማይወድ ተደርጎ ሊቆጠር አይገባም። የታሪክ ሊቁ ዶናልድ ክረሚ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የተነሱ የወሎ ፎቶግራፎችን ከ1990ዎቹ ጋር አነጻጽረው በብዙ ቦታ ዛፍ ጨምሮ እንጂ ቀንሶ እንዳላገኙ ጽፈዋል። የጨመረው በአብዛኛው ገበሬው በደጁና በማሳው ዳር የተከለው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ከሁለት ዓይነት ፈንገስ ጋር ሊኖር የሚችል፣ በድሃ መሬትም ቶሎ የሚቆም ዛፍ ነው። ጥድ፣ ዝግባና ኮሶ ግን ቀስ ብለው ያድጋሉ፣ በሕፃንነታቸውም እርዳታ ይሻሉ። ባሕር ዛፉ ጸድቆ አጠገቡ የተተከለው ጥድ ሲደርቅ ጥፋቱ የገበሬው ስንፍና ነው ብሎ መደምደም ትክክል አይደለም።

ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ የተደረጉ ተራሮች ላይ የሚታየውም ይህንኑ ያጠናክራል። በመጀመሪያ ሣር ይመጣል፣ ቀጥሎ ቁጥቋጦ፣ በጥላውና በድንጋዩ ሥር ደግሞ ፈርን ይመለሳል። እያንዳንዱ ሥር ለፈንገሱ ስንቅ ነው። ተራራው ለጥቂት ዓመታት አርፎ ሣርና ቁጥቋጦ ከያዘ በኋላ የሚተከል ሀገር በቀል ችግኝ ባዶ መሬት ላይ ከሚተከለው የተሻለ ዕድል የሚኖረው ለዚህ ነው። ፈርን በአንድ የተከለለ ቦታ ላይ መታየቱ ቦታው ጥላና እርጥበት መያዝ ለመጀመሩ ምልክት ሊሆን ይችላል።

በማሳ ላይ

ገብስ፣ ስንዴ፣ ጤፍ፣ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ባቄላ፣ ምስር፣ ሽምብራና ሽንኩርት ሁሉም ከማይኮራይዛ ጋር ይኖራሉ። ጎመን፣ ሰናፍጭ፣ ጎመንዘርና ቀይ ሥር ግን አይኖሩም። ግብጦም እንዲሁ ነው፤ ግብጦ በሥሩ ናይትሮጅን የሚይዝ ባክቴሪያ ቢኖረውም ፎስፈረስን የሚያወጣው በራሱ መንገድ፣ ከሥሩ አሲድ እያመነጨ ነው። ይህ ማለት ጎመንና ግብጦ መጥፎ ናቸው ማለት አይደለም። ነገር ግን በአንድ ማሳ ላይ እነዚህ ሲደጋገሙ ፈንገሱ የሚመገበው ሸሪክ ስለሚያጣ ቁጥሩ ይቀንሳል። ቀጥሎ የሚዘራው እህልም መጀመሪያ ላይ ሊዘገይ ይችላል። ማፈራረቁ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ባቄላ፣ ምስርና ሽምብራ በዚህ ረገድ ልዩ ናቸው። በአንድ ጊዜ ሁለት ሸሪክ ይይዛሉ፤ ባክቴሪያው ናይትሮጅን፣ ፈንገሱ ፎስፈረስ ያመጣል። ከጥራጥሬ በኋላ ገብስ ወይም ስንዴ ሲዘራ የሚሻለው አባቶች በልምድ ያወቁት ነገር ነው። ሳይንሱ የጨመረው ምክንያቱን ነው።

ማረሻ ድሩን ይበጥሳል። ጤፍ የላመ መሬት ስለሚፈልግ ተደጋግሞ ይታረሳል፤ ይህን በአንድ ንግግር መቀየር አይቻልም፣ ተገቢም አይደለም። ሆኖም የማያስፈልግ እርሻ መቀነስ፣ ገለባውን በሙሉ አለማንሳት፣ በልግ ሲቀር መሬቱን ባዶ ከማሳደር ለመኖ የሚሆን ጥራጥሬ ጣል ማድረግ የሚቻል ነገር ነው። ድሩ የሚኖረው ሕያው ሥር እስካለ ድረስ ነው። መሬት ለወራት ባዶውን በተቀመጠ ቁጥር ፈንገሱ ይራባል።

በችግኝ ጣቢያ

ብዙ ማኅበራት ችግኝ ጣቢያ አላቸው ወይም ከመንግሥት ጣቢያ ችግኝ ይረከባሉ። በፕላስቲክ ከረጢት የሚሞላው አፈር ከአካባቢ አፈር፣ ከአሸዋና ከደን አፈር ተደባልቆ እንዲዘጋጅ ባለሙያዎች ሲመክሩ ኖረዋል። በተግባር ግን የደን አፈሩ ሩቅ ስለሆነ ወይም ጊዜ ስላነሰ ይቀራል። የቀረው ለምነቱ ብቻ የሚመስለው ሰው በማዳበሪያ ይተካዋል። ማዳበሪያ ግን ፈንገሱን አይተካም። በሚከተሉት ነጥቦች ላይ ጥንቃቄ ማድረግ ይጠቅማል፦

1. አፈሩ የሚወሰደው ከሚተከለው ዛፍ ዓይነት ሥር ነው። ለጥድ ችግኝ ከጤናማ የሐበሻ ጥድ ሥር፣ ለወይራም ከወይራ ሥር።

2. ብዙ አያስፈልግም። ከአሥር እጅ አንድ እጅ ያህል ቢደባለቅ፣ ወይም አንድ እፍኝ ከዘሩ በታች ቢደረግ የመጀመሪያውን ፈንገስ ያስገባል። ቀጭን ሥር ያለበት አፈር ይመረጣል።

3. የተወሰደው አፈር በፀሐይ አይሰጣም፣ በእሳትም አይሞቅም። በጥላ ሥር እርጥበቱን እንደያዘ ቶሎ ጥቅም ላይ ይውላል።

4. ለችግኙ የፎስፈረስ ማዳበሪያ አይበዛበትም።

5. የታመመ ዛፍ ካለበት ቦታ አፈር አይወሰድም። ከጠቃሚው ጋር በሽታም ይመጣልና።

6. ከአንድ ቦታ ደጋግሞ መዛቅ ክልክል ነው። ከየጎፍ ደንም ሆነ ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድ ግቢ ዛፎች ሥር የሚወሰደው የሚመለከተው አካል ሲፈቅድ፣ ጥቂት በጥቂት፣ ጉድጓዱን መልሶ በመሸፈን ነው። አዲስ ደን ለማልማት አሮጌውን ማራቆት ኪሳራ ነው።

ይህ ሁሉ በቃል ከሚታመን ተሞክሮ ቢታይ ይሻላል። አንድ ማኅበር 40 ችግኝ ወስዶ 20ውን የደን አፈር በተቀላቀለበት፣ 20ውን ባልተቀላቀለበት ከረጢት ያሳድግ። ሁለቱንም በአንድ ዳገት ላይ በመስመር ይትከል፣ መስመሩን በችካል ምልክት ያድርግበት። አንድ ክረምትና አንድ በጋ ካለፈ በኋላ የቆመውን ይቁጠር። ወጪው ጉልበት ብቻ ነው። ውጤቱም ከሌላ አገር የመጣ ወሬ ሳይሆን የአባላቱ የራሳቸው ማስረጃ ይሆናል።

ጥንቃቄ የሚሹ ሁለት ጉዳዮች

አንደኛው የገንዘብ ጉዳይ ነው። በዓለም ገበያ ማይኮራይዛ ተብሎ በከረጢትና በጠርሙስ የሚሸጥ ምርት በዝቷል። በሌሎች አገሮች በተደረጉ ምርመራዎች ከእነዚህ ምርቶች በርካታዎቹ ሥር ውስጥ መግባት የሚችል ሕያው ፈንገስ አልተገኘባቸውም። ስለዚህ አንድ ማኅበር ወይም ዩኒየን የአባላትን ገንዘብ አውጥቶ ከመግዛቱ በፊት በጥቂት ማሳ ላይ አስሞክሮ፣ የምርምር ባለሙያ አማክሮ መወሰን ይኖርበታል። ለጎመን ማሳ ደግሞ ጭራሽ አያስፈልግም።

ሁለተኛው የጤና ጉዳይ ነው። ስለ ፈንገስ ጠቃሚነት የሰማ ሰው በየጫካው የበቀለውን እንጉዳይ ሁሉ ይበላል ብሎ እንዳያስብ። ከእንጉዳይ መካከል የሚገድል አለ። ለአፈር የሚጠቅመውና ለምግብ የሚሆነው የተለያየ ነገር ነው። በተለይ ከብት የሚጠብቁ ልጆች ይህን ማወቅ አለባቸው።

ማጠቃለያ

ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር በየክረምቱ እጅግ ብዙ ችግኝ ተተክሏል። በሪፖርት ላይ ጎልቶ የሚታየው የተተከለው ቁጥር ነው። ለተራራው፣ ለምንጩና ከተራራው በታች ለሚኖረው ቤተሰብ የሚቆጠረው ግን የጸደቀው ነው። ደሴ በመሬት መንሸራተት የምትሰጋ ከተማ ናት፤ ከጦሳና ከዙሪያው ዳገቶች የሚወርደውም ጎርፍ ወደ ኮምቦልቻ ሜዳ ይዘልቃል። አፈሩን የሚይዘው ሥር ነው፤ ሥሩን የሚያግዘው ድሩ ነው። ስለዚህ የሥራ ኃላፊዎች በተከላ ዕቅድ ላይ የደን አፈር አቅርቦትንና ከዓመት በኋላ የጸደቀውን መቁጠር ቢያካትቱ፣ ማኅበራትም ከዓመታዊ ዕቅዳቸው ውስጥ ለአንዲት የሙከራ መስመር ቦታ ቢሰጡ ጥቅሙ የጋራ ነው።

ወንፈልና ደቦ፣ ቅሬና ማኅበር ለወሎ ሕዝብ ትምህርት የሚያሻቸው ነገሮች አይደሉም። ሰው ብቻውን የማይችለውን በጋራ እንደሚችል ያወቀ ሕዝብ ነው። ከእግሩ ሥር ያለው አፈርም በዚሁ ሕግ ይኖራል። በምንጩ ዳር የበቀለው ፈርን፣ በዳገቱ ላይ የቆመው ጥድ፣ በማሳው ላይ ያለው ገብስ ለብቻቸው የቆሙ ይመስላሉ እንጂ አንዳቸውም ብቻቸውን አልቆሙም። ያንን ማኅበር አለማፍረስ፣ የፈረሰውንም በእፍኝ አፈር መልሶ መመሥረት በእያንዳንዱ አባል እጅ ያለ ሥራ ነው።

መልካም የምሥረታ በዓል!